በሩን ሳትሰቅል አትበይድ

ስለ አሮጌ መኪና የቦዲ ስራ ወሬ ከተነሳ ሁሉም ሰው የሚጀምረው ከብየዳው ነው። ማሽኑ ምን ይሁን፣ ሽቦው 0.6 ነው 0.8 ሚሊሜትር የሚሻለው፣ በጋዝ ነው ወይስ ያለ ጋዝ፣ ለጀማሪ ይከብዳል አይከብድም ምናምን። እኔም ቮልሴን እቤት ልሰራት ስነሳ ያነበብኩትም የጠየቅኩትም ይሄንኑ ነበር። መጥፎ ጥያቄ ነው እያልኩ አይደለም፣ ግን ስራው ውስጥ ከገባህ በኋላ ብየዳው ከጠቅላላው ጊዜ ትንሿን ነው የሚወስደው። ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ይሄ ላሜራ ተቆርጦ ከወጣ በኋላ የነበረበትን ቦታ በምን ታውቀዋለህ? አዲሱ ላሜራ አያውቀውም። መኪናዋም አታውቀውም፣ እንዲያውም ያንን ብረት ስታወጣባት ቀስ እያለች ቅርጿን መቀየር ትጀምራለች።

ቮልስ ላይ ደግሞ የሚያታልል ነገር አለ። አራቱም ፓራፋንጎዎች በቡሎን ናቸው፣ የፊት ኮፈኑ፣ የሞተሩ ክዳን፣ በሮቹ፣ ከበሩ ስር ያለው መርገጫ፣ ሁሉም በቡሎን። ቦዲው ራሱ እንዳለ ወለሉ ላይ የታሰረው በቡሎን ነው። አንድ ቦርሳ ቁልፍ የያዘ ሰው ግማሽ መኪና መሬት ላይ መዘርጋት ይችላል፣ እና "ይሄማ ቀላል ነው" ያሰኛል። ፓራፋንጎው ወርዶ መርገጫው ሲነሳ ነው ጉዱ የሚመጣው። ከበሩ ስር ከፊት ጎማ አካባቢ እስከ ኋላ ጎማ የሚሄድ ባዶ የብረት ሳጥን አለ፣ ሂተር ቻነል የሚሉት፣ ከሞተሩ በኩል የሚመጣው ሙቅ አየር በሱ አልፎ ነው እግር ጋና ፊት መስታወት ጋ የሚደርሰው። ግን ስራው አየር ማስተላለፍ ብቻ አይደለም፣ የበሩ የፊትና የኋላ ቋሚዎች የቆሙት እሱ ላይ ነው። እሱ ከበሰበሰ በሩ የሚዘጋው በልማድ ነው ማለት ነው።

ዝገቱ አብዛኛውን ጊዜ ከውጪ አይደለም የሚነሳው። ጎማው የሚወረውረው ጭቃና ውሃ በስፌቶቹ ይገባል፣ እርጥበቱ ሳጥኑ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፣ ቀለሙ ላይ ትንሽ እብጠት ባየህ ጊዜ ከጀርባው ያለው ብረት ካለቀ ቆይቷል። በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ እያደረግክ ብትሄድ ድምፁ ይነግርሃል፣ ጤነኛው ብረት ይጮሃል፣ የበሰበሰው ድፍን ያለ ድምፅ ነው የሚሰጠው፣ ከዛ ጫፉን ስታስጠጋው ደግሞ ያለምንም ትግል ይገባል። የኋላ ወንበር ስር በቀኝ በኩል ባትሪው የሚቀመጥበት ወለል ደግሞ ውሃም አያስፈልገውም፣ አሲዱ ይበቃዋል።

ሂተር ቻነሉ ከቦዲው ጋ የተበየደ ነው፣ ለምን እሱንም በቡሎን አላደረጉትም ብዬ ተናድጄ ትንሽ ወደ ኋላ ሄጄ አነበብኩ። ድሮ ድሮ የመኪና ቦዲ ማለት የእንጨት ፍሬም ላይ ላሜራ የተቸነከረበት ነገር ነበር። ኤድዋርድ በድ የሚባል አሜሪካዊ 1912 ላይ ፊላደልፊያ ውስጥ ድርጅቱን አቋቋመና ሙሉ በሙሉ ብረት የሆነ የተበየደ ቦዲ ለመኪና አምራቹ ዶጅ ማቅረብ ጀመረ፣ 1934 ላይ ደግሞ የፈረንሳዩ ሲትሮይን ትራክሲዮን አቫን የሚባለውን መኪና ሲያወጣ ቦዲና ሻንሲው አንድ ላይ የተበየደ መኪና በብዛት መመረት ጀመረ፣ እዛም ስራ ውስጥ የበድ ድርጅት እጁ አለበት። በብዛት ማምረቱን ያስቻለው ስፖት ብየዳ ነው። ሁለት ላሜራ ተደራርቦ በሁለት የመዳብ ጫፍ ይጨመቃል፣ በሺዎች አምፒር የሚቆጠር ከረንት ለቅጽበት ያልፍበታል፣ መሃላቸው ይቀልጥና ይያያዛል፣ ሽቦ የለ ጋዝ የለ፣ በቃ አለቀ፣ ቀጥል። ፋብሪካው ያሰበው ለሚገጥመው ሰራተኛ እንጂ ከ50 ዓመት በኋላ ጀርባው ላይ ተኝቶ ለሚፈታው ሰው አይደለም። እና ሁለት ተደራራቢ ላሜራ ማለት ደግሞ በመሃላቸው ቀለም የማይደርስበት ቦታ ማለት ነው፣ ዝገት ቤቱን የሚሰራውም እዛው ነው።

የቮልስ ባለቤት በአንድ ነገር እድለኛ ነው። እስከ 2003 ድረስ 21,529,464 ተመርታለች፣ ስለዚህ ሂተር ቻነል፣ የወለል ግማሽ፣ የኋላ ጎን የታችኛው ክፍል፣ ሁሉም ዛሬም አዲስ ተሰርቶ ይሸጣል። ብርቅ የሆነ መኪና ያለው ሰው ይሄን ሲሰማ ይቀናል፣ እሱ እያንዳንዱን ቁራጭ በእጁ እያጠፈ ነው የሚሰራው። ግን አዲስ ተሰርቶ ይሸጣል ማለት ይገጥማል ማለት አይደለም። አንዳንዱ ከዋናው የሳሳ ነው፣ አንዳንዱ ማጠፊያው የተሰበረበት መስመር ከዋናው ይለያል፣ የቡሎን ቀዳዳው ጥቂት ሚሊሜትር ይስታል፣ እና እነዚህ ጥቂት ሚሊሜትሮች ከታች ሆነው ላይ ስትደርስ በር የማይዘጋበት ደረጃ ይደርሳሉ። በኔ እይታ ከሌላ መኪና የተቆረጠ ጤነኛ ዋና ላሜራ ካገኘህ ከአዲስ አስር እጅ ይሻላል። ከዛም በላይ ደግሞ የራስህ መኪና ላይ ያለው ያልበሰበሰ ብረት ይሻላል። ሙሉ ላሜራ ስለገዛህ ብቻ ሙሉውን መቀየር የለብህም፣ ከታች አንድ ስንዝር ብቻ ከበሰበሰ ከአዲሱ ላይ አንድ ስንዝር ቆርጠህ ተጠቀም፣ የቀረውን አስቀምጠው ወይ ለሰው ስጠው። ጣሪያው ጋ የሚደርስ ስፌት መክፈት ከጀመርክ መመለሻው ሩቅ ነው።

አንድ እድሜያቸውን በሙሉ ላሜራ ሲመቱ የኖሩ ባትላሜራ አውቃለሁ፣ አሁን ስራ አቁመዋል፣ መኪናዋን እንዲያዩልኝ ለመንኳቸውና መጡ። ዞር ዞር ብለው አዩ፣ ማሽኔን ቀና ብለው እንኳን አላዩትም። "በሩስ?" አሉኝ።

"ተፈትቷል፣ ከግድግዳው ጋ አስደግፌዋለሁ።"

"መጀመሪያ እሱን ስቀለው። የበሩን ቀዳዳ የሚለካልህ በሩ ራሱ ነው፣ ሜትር ኋላ ትደርስበታለህ።"

ነገሩ ሲገባህ በጣም ቀላል ነው። በሩ አልተቆረጠም፣ አልበሰበሰም (ከስሩ ትንሽ ካልሆነ)፣ ፋብሪካ ያወጣው ቅርጽ ላይ ነው ያለው። ዙሪያውን ያለው ክፍተት እኩል ከሆነ፣ ሲዘጋም ቁልፉ ሳይነሳ ሳይወርድ ከገባ፣ ቀዳዳው ትክክል ነው፣ ቀዳዳው ትክክል ከሆነ ደግሞ ሂተር ቻነሉ ቦታው ላይ ነው። ስለዚህ ከመቁረጥህ በፊት በሩ ተሰቅሎ ክፍተቱ በየቦታው ይለካል፣ ላይ፣ ታች፣ ማጠፊያው ጋ፣ ቁልፉ ጋ፣ እና እዛው ወረቀት ፕላስተር ለጥፈህ ቁጥሩን ጻፍበት። ስልክህ ላይ ፎቶ ማንሳትም ጥሩ ነው ግን ሜትሩ ፎቶው ውስጥ ይታይ፣ አለበለዚያ በኋላ ስታየው ዝገት ብቻ ነው የምታየው።

ከዛ ድጋፍ። ባለአራት ማዕዘን ቱቦ ብረት ከፊት ቋሚ ወደ ኋላ ቋሚ አግድም፣ አንድ ደግሞ ሰያፍ፣ ከግራ ቋሚ ወደ ቀኝ ቋሚም አንድ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቱቦውን በበሩ ቀዳዳ መሃል ነው የሚበይደው፣ ምክንያቱም ለእጅ ይመቻል፣ ግን እንደዛ ከሆነ በሩ ከዚህ በኋላ አይዘጋም፣ ያለህን ምርጥ መለኪያ በገዛ ድጋፍህ ዘጋህበት ማለት ነው። ድጋፉ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ወንበሩ የነበረበት በኩል መሆን አለበት፣ በሩ ከውጪ እየተከፈተ እየተዘጋ መስራት እንዲቻል።

መኪናዋ የምትቆምበትም ነገር ትልቅ ጉዳይ ነው። ክሪክ ላይ ብቻ አይሆንም፣ ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። ጠንካራ ማቆሚያ አራቱም ጋ፣ ከሻንሲው ስር፣ ውሃ ልክ ተይዞ። ቮልስ ላይ ወለሉ ቀጥ ያለ ከሆነ ቦዲውን ከሱ ጋ በቡሎን እንደታሰረ ተወው፣ ቻነሉ የሚታሰረው ወለሉ ላይ ስለሆነ የቡሎን ቀዳዳዎቹ ራሳቸው ቦታውን ይነግሩሃል። ቦዲውን አንስቶ አየር ላይ ሰቅሎ ሁለቱንም ጎን አንዴ የሚቆርጥ ሰው አይቻለሁ፣ ድፍረቱን አደንቃለሁ፣ ሂተር ቻነል የሌለው የቮልስ ቦዲ ግን ከታች እግር የለውም፣ ሲቀመጥ ይከፈታል። አንድ ጎን ጨርስ፣ ከዛ ሌላውን። ያልተነካው ጎን ደግሞ የምትለካበት ሞዴል ይሆንልሃል፣ በተለይ ሰያፍ ልኬቱን ከግራ ወደ ቀኝ ስታወዳድር።

አሁን መቁረጥ። ግራይንደር አንስቶ ቀጥ ብሎ መሄድ ፈጣን ነው፣ እና ለሚጣለው መሃለኛ ክፍል ጥሩ ነው። ጠርዙ ላይ ግን ስፖቶቹን አንድ በአንድ መፍታት አለብህ ምክንያቱም ከስር ያለው ላሜራ ይቀራል፣ እሱን ነው አዲሱ የሚይዘው። ስፖቱ መጀመሪያ አይታይም። ቀለሙንና ማስቲሹን ፋቅ አድርገህ በሽቦ ብሩሽ ስታጸዳው አሁንም አይታይም፣ ከዛ ብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልለህ ሁለት ሶስቴ ስትስበው ዙሪያው ያበራና ትንንሽ ክብ ጥላዎች ይቀራሉ፣ ጎድጎድ ያሉት። እነሱ ናቸው። መሃላቸውን በነጥብ መምቻ ምታ፣ ከዛ የስፖት ፑንታ፣ አፉ ጠፍጣፋ የሆነውን፣ ትራፓኖው ላይ አስገብተህ በዝግታ። ዝግታው ወሳኝ ነው፣ ከፈጠንክ ፑንታው ይግልና ጥርሱ ይሞታል፣ አንድ ጠብታ ዘይት ጥሩ ነው። ብረቱ ቀጭን የሚጠማዘዝ ጭረት ሆኖ ሲወጣ ታያለህ፣ ከዛ በድንገት የጭረቱ ቀለም ይቀየራል፣ ቡናማ ዱቄት መሳይ ነገር ይመጣል፣ እሱ በሁለቱ ላሜራ መሃል የነበረው ዝገት ነው፣ እዛ ላይ ቁም። ከዛ በላይ ከሄድክ ሁለተኛውንም በሳህ ማለት ነው። ቀጭን መሮ አስገብተህ በመዶሻ ስትነካው ጥክ ብሎ ይለቃል። ጥክ ካላለ አትታገለው፣ ከጎኑ ያላየኸው ሌላ ስፖት አለ።

ይሄ ስራ ሙሉ ቀን ይበላል፣ ጀርባ ይበላል፣ ግን እኔ ደስ ይለኛል። ለምን እንደሆነ ባላውቅም እያንዳንዷ ስፖት ስትለቅ ፋብሪካ ውስጥ ማን እንደበየዳት አስባለሁ።

አዲሱ ሲገባ ቶሎ ለመበየድ እጅህ ይበላሃል። አትቸኩል። ክላምፕ፣ የሚቆለፍ ፒንሳ፣ ክላምፕ የማይደርስበት ጋ ደግሞ ትንንሽ ቪቴ ላሜራውን በስቶ፣ እነዚህ ይያዙት፣ የወለሉ ቡሎኖችም ይግቡ። በሩን ስቀል፣ ዝጋ፣ ተመልከት፣ ክፈት፣ ቪቴ ፍታ፣ በመዶሻ ነካ አድርግ፣ እሰር፣ ዝጋ። ከኋላ ጠርዙ ላይ ያለው ክፍተት ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ የፊት ቋሚው ወደ ኋላ ተኝቷል ወይ ቻነሉ መሃል ላይ ወደ ታች ሰምጧል፣ ክሪክ ከስሩ አድርገህ በጣም በትንሹ ከፍ ስታደርገው ክፍተቱ ሲቀየር በዓይንህ ታየዋለህ። ፓራፋንጎውንና መርገጫውንም አስገባ፣ መርገጫው ቻነሉ ላይ፣ ፓራፋንጎው ደግሞ መርገጫው ላይ የሚታሰር ስለሆነ። ሁሉም ከገጠመ በኋላ አንድ ሌሊት ተወው። ጠዋት ደግሞ ፈትሸው። ብየዳ እስካልጀመርክ ድረስ ሁሉም ነገር በቪቴ ይስተካከላል፣ ከተበየደ በኋላ በግራይንደር ነው።

እሺ ብየዳው። ሚግ ማሽን (ሽቦውን ራሱ እየገፋ የሚበይደው)፣ 0.6 ሽቦ፣ የአርጎንና ካርቦንዳይኦክሳይድ ድብልቅ ጋዝ። የነዚያ ዘመን ላሜራዎች አብዛኛው 1 ሚሊሜትር አካባቢ ናቸው ወይ ከዛ ይሳሳሉ፣ ስለዚህ ያለ ጋዝ በሚሰራው ሽቦ ይሄን ቀጭን ነገር መበየድ ይቻላል የሚሉህ ሰዎች ይቻላቸው ይሆናል፣ እኔ ግን አልመክርም፣ ይበሳል ይረጫል። ፋብሪካው ስፖት የመታበትን እኛ ቤት የምንተካው በቀዳዳ ብየዳ ነው፣ የላይኛው ላሜራ ላይ ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር ቀዳዳ ትበሳለህ፣ ከስሩ ያለው ንጹህ ብረት በቀዳዳው ይታያል፣ ቶርቹን መሃል ላይ ቀጥ አድርገህ የታችኛውን ብረት መጀመሪያ ታቀልጠዋለህ ከዛ ዙሪያውን ወደ ጠርዙ ትሞላለህ። ጠርዙ ላይ ከጀመርክ ከላይ የሚያምር ጉብታ ይሰራል፣ ከስር ግን አልያዘም፣ ይሄ በዓይን አይለይም። መለያው አንድ ነው፣ ቁራጭ ላሜራ ላይ ሰርተህ ሞርሳ ላይ አስረህ በመሮ ገንጥለው። የታችኛው ላሜራ ተቀዶ ቁራጩን ይዞ ከወጣ ይዟል። ንጹህ ክብ ትቶ ከተላቀቀ ከረንቱን ጨምር። ሁለቱ ላሜራ በደንብ ተጨምቀው መነካካታቸውም ግድ ነው፣ መሃላቸው ክፍተት ካለ የሚሞላው ክፍተቱ ነው። ከመገጣጠሙ በፊት በመሃል የሚቀባ ዚንክ ያለበት ፕራይመር አለ፣ ያንን ቀባ፣ ቀዳዳው መሃል ላይ ግን ፋቀው፣ ዚንክ 907 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ ብረት ደግሞ 1500 አካባቢ ነው የሚቀልጠው፣ ስለዚህ ዚንኩ ብረቱ ሳይቀልጥ ጭስ ሆኖ ብየዳውን ያፈነዳዋል።

ያ ጭስ ለሳንባም ጥሩ አይደለም። ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ የሚልና ትኩሳት ያለው ህመም ያመጣል፣ ጉንፋን ነው ብለህ ትተኛለህ። በዚንክ የተነከረ ቦዲ ያላቸው መኪናዎች ላይ፣ ለምሳሌ ከ1976 ሞዴል ወዲህ ያሉት ፖርሽ 911፣ ይሄ ነገር በየስፌቱ አለ። ከዚህ የባሰው ደግሞ ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ ነው፣ ቅባት ለማስለቀቅ ረጭተህበት ሳይደርቅ ከበየድክ ፎስጂን የሚባል ጋዝ ይፈጥራል፣ አንደኛው የአለም ጦርነት ላይ ሰው የገደሉበት ጋዝ። አሴቶን ይሻላል፣ እሱም ፈጽሞ ደርቆ፣ ጨርቁም ጠርሙሱም ከቤቱ ወጥቶ።

እሳት ላይ ደግሞ ዝም ብዬ አላልፍም። የቮልስ ሰርባቶዮ ፊት ኮፈኑ ስር ነው ያለው፣ ይውጣ፣ "እኔ የምበይደው ከኋላ ነው" አይሰራም። ባትሪው ይፈታ። ምንጣፉ፣ ወንበሩ፣ የጣሪያው ጨርቅ አጠገብ ያለው ሁሉ። ከወለሉ ስር የተቀባው ሬንጅ መሳይ ነገር ካልተፋቀ ከጀርባ በኩል ይቀጣጠላል፣ አንተ ማስኩን አድርገህ ከዚህ በኩል የምታየው የብየዳውን ብርሃን ብቻ ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው በዛ በኩል ይቁም፣ ማጥፊያም ውሃም ይኑር፣ ስትጨርስም መብራት አጥፍተህ አትሂድ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት እዛው አካባቢ ሌላ ነገር ስራ። ባዶ ሳጥን ውስጥ የገባ ፍንጣሪ ቶሎ አይሞትም። እግረ መንገዴን፣ የግራይንደር ፍንጣሪ መስታወት ላይ ካረፈ ቀልጦ ይጣበቃል፣ በምንም አይለቅም፣ መስታወቱን ሸፍን። አሮጌ መኪና ስፌቶች ላይ ደግሞ አንዳንዴ የምታገኘው ግራጫ ለስላሳ ብረት ሊድ (እርሳስ የሚባለው ብረት) ነው፣ ግራይንደር እንዳታስነካው፣ ብናኙ መርዝ ነው፣ በሙቀት አለስልሰህ ጥረገው።

አሁን ከባዱ። ሂተር ቻነሉ ተደብቆ የሚቀር ነገር ነው፣ ብየዳው ቢያምርም ባያምርም ማንም አያይም። የኋላ ጎኑ የታችኛው ክፍል ግን ፊት ለፊት ነው፣ እና ሰፊ ጠፍጣፋ ላሜራ መሃል ላይ የሚሄድ ስፌት ከሁሉም ይከብዳል። እዚህ ጋ ሁለት መንገድ አለ፣ አንዱ ጠርዙን ደረጃ አስይዞ መደራረብ፣ ሌላው ጫፍ ለጫፍ ማገጣጠም። መደራረብ ይቀላል፣ ለመበየድም ይመቻል፣ ግን ቅድም የሰደብኩትን የሁለት ላሜራ መሃል እንደገና ትፈጥራለህ፣ ከጀርባ በደንብ ካልታሸገ ከዓመታት በኋላ ስፌቱ መስመር ሆኖ በቀለሙ ላይ ይወጣል። እኔ ጫፍ ለጫፍ ነው የምመርጠው። ክፍተቱ የሽቦው ውፍረት ያህል ይሁን፣ ከዛ አንድ ነጥብ እዚህ፣ አንድ ነጥብ ሩቅ፣ አንድ መሃል፣ እጅህን አስጠግተህ ሙቀቱ እስኪጠፋ ትጠብቃለህ፣ ከዛ ሌላ። መስመር አድርገህ አንዴ ከጎተትከው ያበቃል። ብረት ሲግል ይለጠጣል፣ ዙሪያው ቀዝቃዛ ስለሆነ መሄጃ ያጣና ያብጣል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ብየዳው ከበፊቱ በላይ ይኮማተራል፣ ዙሪያውን ይስባል። የሚቀረው ላሜራ ስትጫነው ጠልቆ ስትለቀው ብቅ የሚል የቆርቆሮ ክዳን ይሆናል።

መፍትሄው መዶሻና ዶሊ ነው፣ ዶሊ ማለት ከጀርባ በእጅ የሚያዝ ድፍን ብረት። ነጥቡን በግራይንደር ካሳነስክ በኋላ ዶሊውን ከጀርባው አስጠግተህ ብየዳው ላይ ብቻ ቀለል ቀለል አድርገህ ትመታለህ፣ የተኮማተረው ይለጠጥና ዙሪያውን ይለቀዋል። የሚግ ብየዳ ጠንካራ ስለሆነ ብዙ መምታት ይፈልጋል፣ በካርቦራ እሳት የበየዱት ለስለስ ያለ ነው፣ በመዶሻ ይታዘዛል፣ እኚያ ባትላሜራ እስከ መጨረሻው ሚግን የናቁትም ለዚህ ነው። እጃቸውን ላሜራው ላይ ሲያስኬዱ ማየት ነበረባችሁ። ቀጭን የጥጥ ጓንት አድርገው ነው የሚዳስሱት፣ ባዶ እጅ ይይዛል፣ በጓንቱ ግን ይንሸራተትና ጣትህ ስር ሳይሆን መዳፍህ ሙሉ ላይ ጉድጓዱ ይሰማል። ዓይናቸውን ሌላ ቦታ ላይ አድርገው፣ እጃቸው ቆም ሲል "እዚህ ጋ" ይላሉ። እኔ አጎንብሼ በመብራት ብፈልገው ብፈልገው አላየሁትም፣ ቀጥ ያለ ሞረድ አምጥተው ሁለቴ ሲስቡበት ሞረዱ ያልነካው ጥቁር ቦታ ቀረ፣ ልክ እዛው።

ስቱኮ ላይ የሚደረገው ጥላቻ አይገባኝም። ዝገት ላይ የተለጠፈ ስቱኮ፣ ቀዳዳ ላይ ጋዜጣ ተጠቅጥቆ ከላዩ የተለጠፈ ስቱኮ፣ እሱማ ማጭበርበር ነው። ግን በደንብ የተበየደና የተመታ ላሜራ ላይ አንድ ሚሊሜትር የማይሞላ ስስ ስቱኮ ማድረግ ነውር የለውም፣ ፋብሪካዎቹም እኮ ስፌታቸውን በሊድ ይሞሉ ነበር። ስቱኮ አልተጠቀምኩም ብሎ የሚፎክር ሰው ካገኘህ መኪናውን በጎን በኩል ፀሐይ ስትወርድ እየው።

መጨረሻ ላይ የሚረሳው ከውስጥ ያለው ነው። ስትበይድ ከጀርባ ያለው ቀለም ሁሉ ተቃጥሏል፣ ያ ባዶ ብረት ዛሬውኑ መዛግ ይጀምራል። ስፌቶቹ በፕራይመር ተቀብተው ከላዩ ማስቲሽ፣ ባዶ ሳጥኖቹ ውስጥ ደግሞ ረጅም ቱቦ ባለው መርጫ ሰም መሳይ ፈሳሽ። ሂተር ቻነሉ ላይ ግን ጠንቀቅ በል፣ አየሩ የሚያልፍበት ክፍል ውስጥ የሚሸት ነገር ከረጨህ ሂተር በከፈትክ ቁጥር ሽታውን አንተ ነህ የምትተነፍሰው፣ እዛ ሙቀት የሚችል ቀለም በቂ ነው፣ እሱንም ከመበየዱ በፊት። ሰሙ ቀለም ከተቀባ በኋላ ነው የሚገባው፣ ከቀደመ በየስፌቱ እየወጣ ቀለሙን ያበላሻል። ከበሩ ስርና ከኋላ ጎኑ ስር ያሉትን ትንንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ደግሞ በሽቦ ወጋ ወጋ አድርገህ ክፍት መሆናቸውን እይ፣ ማስቲሽ ሲቀባ ሰው ሁሉ ቀዳዳ ያየውን ይደፍናል። ከዛ ምንጣፉን ከመመለስህ በፊት የውሃ ጎማ ይዘህ ከጣሪያው ጀምረህ ልቀቅባት፣ ሌላ ሰው ውስጥ ተቀምጦ በባትሪ መብራት ወለሉን ይይ። የኔዋ ውስጥ የገባው ውሃ በበሩ ስር አልነበረም፣ በፊት መስታወቱ ላስቲክ ነው፣ እሱ ደግሞ ብየዳ አይፈልግም።